ቀጥታ ስርጭት ምን ያህል ቀጥታ ነው?

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ብዙዎቻችን ቤታችን ሆነን በስልክ መማር ጀመርን። ያኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ዛሬ ለማስተርስ ተመልሼ መጥቻለሁ። አንድ ገጠመኝ ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

መምህራችን በቀጥታ ስርጭት እያስተማሩ «ጥያቄ ያለው?» አሉ። እኔም ቶሎ ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ግን ትንሽ ጠበቁና «ማንም የለም? እሺ እንቀጥል» ብለው አለፉ። ጥያቄዬ ሲደርሳቸው ሌላ ርዕስ ጀምረዋል። ኋላ «ተማሪው አይከታተልም» ሲባል እኔም አብሬ ተወቀስኩ።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? የመምህሩም የተማሪውም አይደለም። ነገሩ ወዲህ ነው። ለብዙ ተመልካች የሚሰራጭ ቪዲዮ የሚላከው እየተቆራረጠ ነው። ለምሳሌ አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ኤችኤልኤስ በተባለው ዘዴ፣ በተለመደው አሠራር አንዱ ቁራጭ 6 ሰከንድ ያህል ነው። ስልካችን ደግሞ መስመሩ ቢደክም ስርጭቱ እንዳይቋረጥ ሦስት ያህል ቁራጭ አስቀድሞ ያጠራቅማል። 6 በ3 ሲባዛ 18 ሰከንድ! መቅረጽና ማሰራጨት የሚወስደው ጊዜ ሲጨመር 20 ሊያልፍ ይችላል። እንደ ዙም ያሉ የስብሰባ ፕሮግራሞች ግን የጠፋውን ትተው የደረሰውን ወዲያው ያሳያሉ። መስመሩ ደህና ከሆነ መዘግየታቸው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ምስሉ አልፎ አልፎ ቢበላሽም መጠያየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው የኪስ ጉዳይ ነው። በሰከንድ 500 ኪሎቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 225 ሜጋባይት ይበላል። በ32 ኪሎቢት የሚላክ ድምጽ ብቻ ከሆነ ግን 15 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ፓኬጅ እየቆጠረ ለሚገዛ ተማሪ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው የምስሉ ጥራት ሳይሆን መዘግየቱና ድምጹ ነው እላለሁ። መምህራን ስላይዱን አስቀድመው በቴሌግራም ቢልኩና በድምጽ ቢያስተምሩ ብዙ ተማሪ አብሯቸው ይዘልቃል። በቀጥታ ስርጭት ከሆነ ደግሞ ከጠየቁ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ይታገሱን። ተማሪው የሚሰማው ዘግይቶ ነው፣ መጻፊያ ጊዜም ያስፈልገዋል። ዝምታችንን እንደ መቅረት አይቁጠሩብን።

በነገራችን ላይ፣ ያን ቀን የጠየቅሁት ነገር ፈተና ላይ መጣ። አልሠራሁትም።