ለሐጅ መንገድ እግርንም እናሰናዳ

ከመካከላችን ብዙዎች ለሐጅ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። አንዱ በሬውን ይሸጣል፣ ሌላው ልጆቹ ያዋጡለታል። እግሩን ግን ማን ያስታውሰዋል? እኔም አላስታወስኩትም ነበር። አዲስ ነጠላ ጫማ ሳልለምደው ይዤ ሄድኩና ሚና ላይ ተረከዜ ተላጠ። ጠጠር የወረወርኩት እያነከስኩ ነው።

መንገዱን እንየው። ከሐረም እስከ ሚና 7 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሚና እስከ ዐረፋ 14 ያህል፣ ከዐረፋ እስከ ሙዝደሊፋ ደግሞ 9 ያህል ነው። በሶፋና በመርዋ መካከል ያለው ሰዕይ ብቻ ሰባቱ ሲደመር ከ3 ኪሎ ሜትር ያልፋል። አውቶቡስ አለ፤ ሆኖም ጠዋፉም፣ ሰዕዩም፣ ጠጠር ውርወራውም በአብዛኛው የእግር ሥራ ነው።

«በአላህ ተወክያለሁ፣ እሱ ያደርሰኛል» የሚል ይኖራል። ተወኩል መልካም ነው። ነገር ግን ስንቅ ሳይዙ ለሐጅ ይመጡ የነበሩ የየመን ሰዎች «እኛ ተወካዮች ነን» እያሉ መካ ሲደርሱ ሰው ይለምኑ እንደነበር ኢብኑ ዐባስ አስተላልፈዋል። ስንቅ እንዲያዝ የሚያዘው የሱረቱል በቀራህ አንቀጽ የወረደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጉልበትም ስንቅ ነው።

ስለዚህ ከጉዞው ሦስት ወር አስቀድማችሁ ጀምሩ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን ግማሽ ሰዓት ተራመዱ። በሳምንት አራት ቀን ይበቃል። በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ጨምሩ። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

አካባቢያችን ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ብርዳም ነው። እግር ቢለማመድም አካላችን ሙቀቱን አያውቀውም። በ1445 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በሰኔ 2016፣ መካ ውስጥ ሙቀቱ ከ51 ዲግሪ አልፎ ከ1,300 በላይ ሑጃጆች ሞተዋል። አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የሄዱ፣ ድንኳንና መጓጓዣ ያልነበራቸው ናቸው። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በተቻለ መጠን ጥላ ሥር ሁኑ፤ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ያለ ፈቃድም አትሂዱ።

ዕቃውስ? ወንዶች ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ነጠላ ጫማ ቢያንስ ለአንድ ወር እቤት ተጫምተው ያለስልሱት። ትርፍ የኢህራም ጨርቅና የወገብ ቀበቶ ያዙ። ሴቶች የለመዱትን ምቹ ጫማና ካልሲ ይልበሱ። ለሁሉም ሽታ የሌለው ሳሙናና ቫዝሊን (ጭን እንዳይላጥ)፣ ጃንጥላ፣ የውሃ መያዣ፣ የኦ አር ኤስ ዱቄትና የዘወትር መድኃኒት ያስፈልጋል። የማጅራት ገትር ክትባት ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት።

ልጆች ሆይ! እናት አባታችሁን ገንዘብ ሰጥታችሁ ብቻ አትሸኙ፤ አብራችሁ ተራመዱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሁለት ልጆቹ ተደግፎ የሚሄድ ሽማግሌ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። በእግሩ ሊሄድ ተስሎ ነው አሏቸው። እሳቸውም አላህ ሰውየው ራሱን በማሠቃየቱ ምንም ጉዳይ እንደሌለው ተናግረው እንዲጋልብ አዘዙት። ስለዚህ የደከመ ተሽከርካሪ ወንበር ቢቀመጥ፣ ጠጠር መወርወር ያልቻለም ሌላውን ቢወክል ሐጁ አይጎድልበትም።

አላህ ሐጃችሁን መብሩር ያድርገው፤ በሰላም ወደ ቤተሰቦቻችሁ ይመልሳችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።