ሥራን አስቀድሞ ትምህርትን ስለ መምረጥ

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ምን ልትማር አሰብህ?» የሚል ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ የወላጅን ድካምና የተማሪውን ዕድሜ የሚነካ ስለ ሆነ በችኮላ የሚሰጥ አይደለም። እኔም በቁይ ተምሬ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት ልፈጽም የተቃረብሁ፣ የምማርበትንም ክፍል ለመምረጥ ጥቂት ሳምንት የቀረኝ በመሆኔ፣ ነገሩን እንዴት እንዳሰላሰልሁት ለቀድሞ ጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ማስረዳት ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

በመጀመሪያ የመንገዱን አካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶ ማግኘት ይጠይቃል። ይህን ያገኙት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 ከመቶ፣ የ2015ቶቹ 3.2 ከመቶ፣ የ2016ቶቹ ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የገባውም ተማሪ ወዲያው ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን አይጀምርም፤ አስቀድሞ ለሁሉ የጋራ የሆኑ ትምህርቶችን ይማራል፤ ከዚያም እንደ ምርጫውና እንደ ውጤቱ በየክፍሉ ይመደባል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። በሩ እንዲህ ጠባብ ከሆነ፣ በዚያ በር የሚያልፍ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንመርጠው ሥራውን ሳይሆን ስሙን ነው። «ዶክተር» ወይም «ኢንጂነር» መባል ደስ ያሰኛል። አባቴም ሐኪም እንድሆንለት ይመኛል። ጤፍና ስንዴ ሸጦ ያስተማረኝ ሰው ልጁ ተከብሮ እንዲኖር ቢመኝ ተገቢ ነው። ሆኖም ስም ብቻውን መሪ ስለማይሆነኝ ሦስት ጥያቄዎችን በተራ አቀረብሁ። አንደኛ፣ ይህ ሰው ከጧት እስከ ማታ የሚሠራው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ሥራው በማንና በየት ይፈለጋል? ሦስተኛ፣ ወደ ሥራው የሚያደርሰው ትምህርት የቱ ነው፣ ስንት ዓመትስ ይፈጃል? ትምህርቱ በመጨረሻ የመጣው በስሕተት አይደለም፤ ትምህርት መንገድ ነውና መድረሻው ሳይታወቅ አይመረጥም።

በዚህ ዐይነት ሳስብ ልቤ ያረፈው በአፈር ላይ ነው። በጎጃም ደጋ ዝናቡ ብዙ ነው። ዝናቡ ለብዙ ዘመን እንደ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሉትን ንጥረ ነገሮች እያጠበ ሲወስድ፣ ሰብሉም ከነገለባው ከማሳው ሲወጣ፣ አፈሩ እየቆየ አሲዳማ፣ በገበሬው አነጋገር ኮምጣጣ፣ ይሆናል። መጠኑ የሚታወቀው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። 7 መካከለኛ ሲሆን፣ ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ የተክሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረስም በአፈሩ ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ የሚገባውን ያህል አይሠራለትም። ገብሱና ባቄላው ይቀጭጫል፤ ባለመሬቱም ኮምጣጣውን የሚችለውን እንግዶ ይዘራል፣ አለዚያም ባሕር ዛፍ ይተክላል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 ከመቶ ያህሉ ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል።

መድኀኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩም ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ በደጀን አካባቢ በዓባይ ሸለቆ ይገኛል። ችግሩ ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ማስፈለጉ፣ ማጓጓዣውም መክበዱ ነው። መጠኑ ደግሞ ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ አፈሩ ሳይመረመር አይታወቅም። እንግዲህ አፈር የሚመረምር ባለሙያ በአካባቢያችን ይፈለጋል ማለት ነው። የሚያደርሰውም ትምህርት ቅርብ ነው፤ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ አለ።

ሥራን በሩቅ ማድነቅ ግን አይበቃም። በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት የገጠሩን ኑሮ አይተዋል። ዛሬ እንዲህ ያለ ደንብ ስለሌለ፣ በዕረፍቴ አንድ የግብርና ባለሙያ ለምኜ ጥቂት ቀን አብሬው ዞርሁ። ከማሳው ከልዩ ልዩ ቦታ አፈር ቆፍሮ ሲያወጣ፣ ሲያደባልቅ፣ በከረጢት አድርጎ ምልክት ሲጽፍበት አየሁ። ጭቃውንም፣ እግር ጉዞውንም አየሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ገበሬዎቹ «ኖራው መቼ ይደርሳል?» ሲሉት የሚመልሰው ማጣቱ ነው። ይህንን ካየሁ በኋላም ሥራውን ወደድሁት።

አባቴ ሐሳቤን ሲሰማ «አርሼ ያስተማርሁህ ወደ እርሻ እንድትመለስ ነውን?» አለኝ። እኔም «አባዬ፣ የምመለሰው መሬቱ ያጣውን ለማወቅ ነው» አልሁት። ገና አልተዋጠለትም፤ ሆኖም አልከለከለኝም። ደመወዙ ትንሽ እንደ ሆነ፣ ሹመቱም እንደሚዘገይ ይፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው።

ደግሞም የዛሬው ምርጫ ሰውን ለዘላለም አያስርም። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ከቤተ ክህነት ትምህርት ወደ ዘመናዊው አለፉ፤ መምህር፣ አርበኛ፣ የጦር ምርኮኛ፣ ዲፕሎማት፣ የትምህርት ሚኒስትርም ሆኑ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ከዚያ ሁሉ በኋላ በ1958 ዓ.ም. ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ የተማሩት ለሚቀጥለው ስንቅ ሆኗቸዋል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ገና ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል ሳላችሁ አንድ የምትወዱትን ሥራ ፈልጋችሁ ከሠራተኛው ጋራ ዋሉ። ውጤታችሁ ለዩኒቨርሲቲ ባይበቃ ሦስቱ ጥያቄዎች ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም እኩል ያገለግላሉ፤ በደረጃ እየተማሩ ብቃትን ማስመስከር የሚቻልበት መንገድ ነውና አትናቁት። መምህራኖቻችን ባለሙያዎችን እየጋበዙ ሥራቸውን እንዲያስረዱን፣ ወላጆቻችንም «ምን ትባላለህ?» ከማለት ይልቅ «ምን ትሠራለህ?» ብለው እንዲጠይቁን በትሕትና እለምናለሁ። እኔ የምርጫውን ቅጽ ስሞላ በመጀመሪያው መሥመር ግብርናን፣ በሁለተኛው የኅብረተሰብ ጤናን እጽፋለሁ።