ለሕፃናት መደመርንና መቀነስን በታሪክ ስለ ማስተማር

«5 እና 3 ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ወዲያው «8» ብሎ የሚመልስ ሕፃን፣ እናቱ ወደ ሱቅ ልካው መልሱን ገንዘብ ሲቀበል ግን ጐደለ ወይም ሞላ ብሎ መናገር ሲያቅተው ብዙ ጊዜ ይታያል። ምክንያቱም ቍጥሩን እንደ ፊደል ዜማ በቃሉ ብቻ ስለ ያዘው ነው። በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሲያየው ያውቀዋል፤ በሰው ንግግር ውስጥ ተሸፍኖ ሲመጣበት ግን አይለየውም። ስለዚህ መምህር ቍጥሩን ለብቻው ከማስጠናት ጋር፣ ሕፃኑ በቤቱና በሜዳው ከሚያውቀው ነገር አጭር ታሪክ እያበጀ ሊጠይቀው ይገባል።

ታሪኩ ሲበጅ ከሁሉ አስቀድሞ የቋንቋችንን ጠባይ ማስተዋል ያስፈልጋል። በአማርኛ ማሰሪያው አንቀጽ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ሰጪውንና ተቀባዩንም የሚለየው በዚሁ ቃል መጨረሻ ላይ የምትጨመር ጥቂት ድምፅ ናት። «አልማዝ 7 ሎሚ ነበራት፤ ለወንድሟ 3 ሰጠችው» ቢባል መልሱ 4 ነው። «አልማዝ 7 ሎሚ ነበራት፤ ወንድሟ 3 ሰጣት» ቢባል ግን 10 ይሆናል። ቍጥሮቹ አልተለወጡም፤ ግሡም ያው መስጠት ነው። ሕፃኑ 7ንና 3ን እንደ ሰማ ማሰሪያውን ሳይጠብቅ ጣቱን መቍጠር ከጀመረ፣ መደመርን እያወቀ ይሳሳታል።

አንዳንድ መምህራን ይህን ለማቅለል ብለው «ቀረ፣ ሸጠ፣ ጠፋ የሚል ቃል ስትሰሙ ቀንሱ» የሚል ደንብ ይሰጣሉ። ደንቡ ለአንድ ሳምንት ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይጐዳል። «አንድ እረኛ 4 በጎች ሸጠ፤ 5 በጎችም ቀሩት። አስቀድሞ ስንት ነበሩት?» በዚህ ጥያቄ ሸጠም ቀረም አለበት፤ መልሱ ግን በመደመር የሚገኝ 9 ነው። በደንቡ የሄደ ልጅ 1 ይላል። 5 በጎች የቀሩት እረኛ አስቀድሞ 1 በግ ብቻ ነበረው ማለት እንዴት ይሆናል? ታሪኩን በልቡ ያየ ልጅ እንዲህ ያለ መልስ አይሰጥም።

በልቡ እንዲያየው መምህሩ ታሪኩን ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ ይንገር፤ ከዚያም አንዱ ልጅ ቍጥሮቹን ትቶ ነገሩን ብቻ መልሶ ይንገር፦ እረኛ ነበረ፣ በጎች ነበሩት፣ ጥቂቶቹን ሸጠ፣ ሌሎቹ ቀሩ። «በመጨረሻ የበጎቹ ቍጥር በዛ ወይስ አነሰ? የተጠየቅነውስ የፊተኛውን ነው ወይስ የኋለኛውን?» ተብሎ ይጠየቅ። ይህ ከተመለሰ በኋላ ልጆቹ ነገሩን በባቄላ ወይም በጠጠር ይሥሩት፤ በሰሌዳ መጻፍ ከሁሉ በኋላ ይምጣ። ጊዜ ይፈጃል የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ ነገር ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ታሪክ ከተሠራ ይበቃል።

ምንም ነገር የማይሄድበትና የማይመጣበት ጥያቄ ደግሞ ይብስ ይከብዳል። «የጫልቱ ዶሮ 8 እንቍላል ጣለች፤ የአስቴር ዶሮ 5። የጫልቱ በስንት ይበልጣል?» ሲባል «8» የሚል ሕፃን ይገኛል። ሀድሰን የተባለ ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ የወፎችንና የትሎችን ሥዕል ለሕፃናት አሳይቶ «ወፎቹ ከትሎቹ በስንት ይበልጣሉ?» ሲል ብዙዎች ተሳሳቱ፤ «ወፎቹ ሁሉ እየሮጡ አንዳንድ ትል ለመያዝ ቢሞክሩ ትል የሚያጡት ስንት ናቸው?» ሲል ግን አብዛኞቹ በትክክል መለሱ። እኛም 8ቱንና 5ቱን ባቄላ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት አሰልፈን «ጓደኛ ያጡት ስንት ናቸው?» ብንል፣ 3ቱ ራሳቸው ይታያሉ።

መቀነስ የመደመር ተገላቢጦሽ መሆኑን ለማስረዳት የአገር ሽማግሌዎች እርዳታ ይፈለጋል። ባሕረ ሐሳብን የተማሩ ሁሉ አበቅቴና መጥቅዕ ዘወትር ተደምረው 30 እንደሚሆኑ ያውቃሉ፤ የ2018 ዓ.ም. አበቅቴ 12፣ መጥቅዑም 18 ነው። አበቅቴውን ያገኘ ሰው መጥቅዑን ለማግኘት ከ30 ላይ ይቀንሳል እንጂ እንደ ገና አይደክምም። ሕፃን ለዚህ ትምህርት አልደረሰም። ነገር ግን በ30 ፈንታ 10 ባቄላ በሁለት እጅ ከፍሎ፣ አንዱን እጅ ገልጦ 6 አሳይቶ፣ «በተጨበጠው ስንት አለ?» ማለት በምድጃ ዳር ለአያትና ለልጅ ልጅ የሚመች ጨዋታ ነው።

የታሪኩም ነገር ልጁን የማያሳፍር መሆን አለበት። ለዚህ በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ያለው የዘነበወርቅ ሰፈር ምሳሌ ይሆነናል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1926 ዓ.ም. ባረፉት በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤት ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ስፍራ አለርት ተቋቋመ። ከየአገሩ ለሕክምና ከመጡት ብዙዎቹ ወደ ትውልድ ቦታቸው ሳይመለሱ በዙሪያው ሰፍረው ልጆች ወለዱ። ደዌው ዛሬ በመድኃኒት ይድናል፤ ሕክምናው ሳይደርስ ያጐደለው ጣት ግን አይመለስም። እንግዲህ በዚያ ሰፈር አንድ መምህር «የአንተና የአያትህ የእጅ ጣቶች በአንድነት ስንት ናቸው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚጠብቀው መልስ 20 ነው። ልጁ 16 ቢል ግን አልተሳሳተም፤ በቤቱ ያለውን ቈጥሮ ተናገረ እንጂ። ጓደኞቹ ቢሥቁበት፣ መምህሩም «ተሳስተሃል» ቢለው፣ ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ በሒሳብ ሰዓት አፉን አይከፍትም።

በዚህ ፈንታ ለሁሉ የጋራ ስለ ሆነው መንገድ ይጠይቅ። «ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና የሚሄድ አውቶቡስ 9 መንገደኞች ይዞ ዘነበወርቅ ደረሰ፤ 4 ወረዱ፣ 3 ተሳፈሩ። ስንት ሆነው ተነሡ?» ልጆቹ 8 ብለው ከመለሱ በኋላ ያንኑ ገልብጦ፣ «4 ወርደው፣ 3 ተሳፍረው፣ 8 ሆነው ተነሡ፤ ሲደርሱ ስንት ነበሩ?» ይበል። አውቶቡስ በማይደርስበት መንደር ወደ ወፍጮ የሚሄዱ አህዮች ወይም ወደ ወንዝ የሚወርዱ ከብቶች ይሁኑ። በሦስተኛው ቀን መምህሩ ታሪክ መናገሩን ትቶ በሰሌዳው ላይ 9 − 4 ብሎ ብቻ ይጻፍ፤ ታሪኩን ልጆቹ ያብጁት።