ከወለድ ነፃ ባንክ ትርፉን ከየት ያመጣል?

በእስልምና እምነት ገንዘብ አበድሮ ጭማሪ መቀበል «ሪባ» ይባላል፤ ክልክል ነው። ክልከላው ከመስጊድ ወጥቶ ሱቅ ይገባል፤ አማኙ ነጋዴ ከማን እንደሚበደርና ቁጠባውን የት እንደሚያኖር ይወስናል። በዚህም የተነሣ በርካታ ሙስሊም ነጋዴዎች የባንክ ብድር ሳይነኩ በዘመድ ገንዘብ፣ በሽርክና፣ በዕቁብና በዱቤ ሲነግዱ ኖረዋል።

ሕጉ በሩን የከፈተላቸው ቀስ በቀስ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ብሔራዊ ባንክ ስለ አገልግሎቱ መመሪያ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጠ። የ2004ቱ መመሪያ መደበኛ ባንኮች አገልግሎቱን በተለየ መስኮት እንዲሰጡ ሲፈቅድ፣ ራሱን የቻለ ባንክ ማቋቋምን ግን ከለከለ። ይኸው በ2011 ዓ.ም. ተፈቀደ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክም ተከተለው።

ወለድ ከሌለ ታዲያ ባንኩ ከምን ያተርፋል? መልሱ ከንግድ ነው፤ የተከለከለው ወለድ እንጂ ትርፍ አይደለምና። በስፋት የሚሠራበት ውል «ሙራባሃ» ይባላል። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ የ1 ሚሊዮን ብር ጨርቅ ቢፈልግ ባንኩ ጥሬ ገንዘብ አይሰጠውም። ጨርቁን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትንም ዋጋ ገልጾ፣ በ1 ሚሊዮን 150 ሺህ ብር በዱቤ ይሸጥለታል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ክፍያው ቢዘገይም አይጨምርም። አውቆ ያዘገየ ባለዕዳ ቅጣት ቢከፍል እንኳ፣ በብዙ ሊቃውንት አስተያየት ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ የባንኩ ገቢ አይሆንም። በእርግጥ ለተቸገረው ደግሞ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

«ስሙን ለወጡት እንጂ ያው ወለድ ነው» የሚሉ አሉ። ልዩነቱ ያለው ባለቤትነቱ ላይ ነው። ጨርቁ ለነጋዴው ከመሸጡ በፊት ቢቃጠል ኪሳራው የባንኩ ነው። ባንኩ ዕቃውን ሳይገዛ ወረቀት ብቻ ካፈራረመ ግን ነቀፋው እውነት ይሆናል።

የአስቀማጩም ነገር እንዲሁ ነው። «ሙዳረባ» በሚባለው ሂሳብ ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው ቁርጥ ያለ ወለድ አይታሰብለትም። ትርፉን በስምምነቱ መሠረት ከባንኩ ጋር ይካፈላል፤ ባንኩ ሳያጠፋ ኪሳራ ቢደርስም ከገንዘቡ ይነካበታል።

በመሆኑም ነጋዴው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ቢያጣራ ይበጀዋል፦ ዕቃውን መጀመሪያ የገዛው ማን እንደሆነ፣ እስኪረከበው ድረስ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ የቅጣቱ ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ። የባንኩንም የትርፍ ጭማሪ ከሌሎች ጋር ያወዳድር፤ ከወለድ ነፃ የሆነ ሁሉ ርካሽ አይደለም።