የአንድ አፈር መርማሪ ቃል ከመንግሥት ጆሮ እስኪደርስ

በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ሠራተኛ የነበረው ሂው ሐመንድ ቤኔት በ1905 (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በቨርጂንያ የመሬቱን ዓይነት ሲመዘግብ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መሬቶችን አየ። አንደኛው ዱር ሆኖ ስለ ኖረ አፈሩ ለስላሳ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ዘመን ስለ ታረሰ ጠንካራ ሸክላ ብቻ ቀርቶበታል። ቁልቁለታቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ዝናቡ በየዓመቱ ስስ ሽፋን እያነሣ ለምነቱን እንደ ወሰደው ተረዳ። ቦረቦርን ማንም ያያል፤ ይህ ግን ባለርስቱ ሳያውቀው ርስቱን የሚወስድ ሌባ ነው።

ዳሩ ግን ሰሚ አላገኘም። የገዛ መሥሪያ ቤቱ በ1909 ባሳተመው ጽሑፍ አፈር ከቶ የማያልቅ ሀብት ነው ብሎ ነበርና። አለቃ ያጸናውን ቃል ታናሽ ሠራተኛ ማፍረስ እንዴት እንደሚያስቸግር በቢሮ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ቤኔት ሲመረምርና ሲጽፍ ኖሮ በ1928 የአፈር መታጠብ ለአገር የሚያሰጋ ጥፋት መሆኑን ከአንድ ባልደረባው ጋራ በጽሑፍ ገለጸ። በሚከተለው ዓመት ምክር ቤቱ ለምርመራ ጣቢያዎች 160,000 ዶላር ፈቀደ፤ በእነዚህም ከእርሻና ከሣር መሬት የሚታጠበው አፈር እየተለካ በቍጥር ታወቀ።

በ1934 በሜይ ወር ነፋስ ከመካከለኛው ሜዳ ያነሣው አቧራ ዋሽንግተንና ኒውዮርክ ደረሰ። በ1935 በአፕሪል ቤኔት በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቃሉን ሲሰጥ፤ እንደሚተረከው፤ ሌላ አቧራ መቅረቡን ስላወቀ ንግግሩን ሆን ብሎ አስረዘመ፤ ሰማዩም ሲጠቍር እንደራሴዎቹ ተነሥተው በመስኮት ተመለከቱ። የአፈር ጥበቃ ሕግ በዚያው ወር በ27 ቀን ተፈረመ። አቧራው ብቻውን አሳመናቸው ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ልኬቱ አስቀድሞ ባይዘጋጅ ኖሮ በሕጉ ምን ተብሎ ይታዘዝ ነበር?

ሕጉ ቢወጣም መሬቱ የባለርስቶች ነው። ስለዚህ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1937 በፌብሩዋሪ ለየግዛቱ ገዥዎች ደብዳቤና የሕግ ረቂቅ ላኩላቸው። በረቂቁም ባለመሬቶቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው የአፈር ጥበቃ ወረዳ ያቆማሉ፤ መንግሥት ባለሙያ ይልካል፤ እርከን መሥራትና ቁልቁለቱን አግድም ማረስ ግን ከባለመሬቱ ጋራ በስምምነት ይሆናል። የመጀመሪያው ወረዳ በ1937 በኦገስት በሰሜን ካሮላይና በብራውን ክሪክ ተቋቋመ፤ ይኸውም ቤኔት በተወለደበት አውራጃ ነው።