ጂኑ እያለ መከላከል ሲያቅት

ሳላማንደር የሚመረምር ባለሙያ ለእያንዳንዱ እንስሳ አዲስ ጓንት ያጠልቃል። ጥጥ በተጠቀለለበት ቀጭን ዘንግ ሆዱንና እግሮቹን ደጋግሞ ይጠርጋል፤ ከጫካው ሲወጣም ቦት ጫማውን በበረኪና ያጥባል። መልኩ እንሽላሊት የሚመስለው፣ ቆዳው ግን እንደ እንቁራሪት እርጥብ የሆነው ይህ እንስሳ በኢትዮጵያ የለም። በአውሮፓ የደረሰበት እልቂት ግን የበሽታ መከላከያ ጂኖችን ለሚያጠና ሁሉ ከባድ ጥያቄ ነው።

በደቡብ ኔዘርላንድስ፣ ቡንደርቦስ በተባለው ጫካ፣ ጥቁርና ቢጫ የሆነው የእሳት ሳላማንደር እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 ድረስ ቁጥሩ በ96 በመቶ አሽቆለቆለ። ገዳዩን በ2013 ለይተው ያሳወቁት የቤልጅየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አን ማርቴልና ፍራንክ ፓስማንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ነው። ቆዳ የሚበላ ፈንገስ ነው፤ መነሻው እስያ ሲሆን አውሮፓ የገባው በእንስሳት ንግድ ሳይሆን አይቀርም።

ሳላማንደሩ መከላከያ ጂን አላጣም። እንደ ሰው ሁሉ ኤም ኤች ሲ የሚባሉ ጂኖች አሉት። በነዚህ ጂኖች የሚሠሩት ፕሮቲኖች ከወራሪው ተሕዋስ የተቆረሰ ቅንጣት ይዘው ለነጭ የደም ሕዋሳት ያሳያሉ። ቅንጣቱን አጥብቆ የሚይዝ ዓይነት የወረሰ እንስሳ የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋል። በ2011 የወጣ ጥናት ይህንኑ በአሪዞና እንቁራሪቶች አሳይቷል፤ ከሁለቱ ወላጆቻቸው የተለያየ ዓይነት የወረሱት የዚህ ፈንገስ ዘመድ የሆነውን ሌላ ፈንገስ በተሻለ ተቋቁመዋል።

የእሳት ሳላማንደር ግን እንዲህ አልሆነለትም። በ2017 በታተመ ጥናት፣ ታመው በሕክምና የዳኑት እንስሳት ፈንገሱ ሲመለስባቸው ከመጀመሪያው ሕመም የተማሩት መከላከያ አልነበራቸውም። ለመግደል ጥቂት ፈንገስ ይበቃል። ክትባት ላይ ተስፋ መጣል የሚከብደውም ሰውነቱ ከሕመሙ ስለማይማር ነው። ጂን አንብቦ «ይሄኛው ይተርፋል» ለማለት የሚቸኩል ባለሙያ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባዋል፤ ጂኑ መኖሩና ሰውነቱ በወቅቱ መንቃቱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ከመቶ አራት ብቻ በቀሩበት ቦታ ደግሞ የሚጠፋው ቁጥር ብቻ አይደለም። ምናልባት የሚያድን የጂን ዓይነት የያዙትም ሳይታወቁ አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ለማራባት የሚሰበሰቡት ከአንድ ጅረት ብቻ ሳይሆን ከተለያዩ ቦታዎች ቢሆኑ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ፈንገሱን ቀድሞ ማገድ ነው። በሳላማንደር ዝርያ ብዛት የበለጸገችው ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 በ201 ዝርያዎች ላይ የማስገባት እገዳ የጣለችው በሽታው በምድሯ ሳይታይ ነበር።