ልጅህ ‹‹ሴኩሪቲ›› ነው የሚሆነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ የቆየ የትግል ጓዴ ዳውንታውን አትላንታ፣ ከፋይቭ ፖይንትስ ባቡር ጣቢያ አለፍ ብሎ ካለች ቡና ቤት ቀጠረኝ። እንደ ልማዳችን ስለ አገር ጉዳይ ልንከራከር መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እሱ ግን ሌላ ነገር ይዞ መጥቷል። ‹‹ልጁ ሴኩሪቲ ልሁን እያለ ነው›› አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ለምን ድምፁን ዝቅ እንዳደረገ አሜሪካ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ይገባዋል። በእኛ ትውልድ አፍ ሴኩሪቲ ማለት የደንብ ልብስ፣ የእጅ ባትሪና የሌሊት ፈረቃ ነው። እኔ ራሴ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያመጣሁትን ዲግሪ ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ፣ እዚሁ ፒችትሪ ጎዳና የአንድ ሕንፃ በር ላይ ተቀምጬ ስንት ሌሊት አድሬአለሁ። ሕንፃ ያልጠበቀው ደግሞ ፓርኪንግ ሠርቷል። አገር ቤትማ ‹‹ደህንነት›› ሲባል ትዝ የሚለን በውድቅት ሌሊት በር የሚያንኳኳው ሰው ነው። አባት ልጁን ያስተማረው ታዲያ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን እንዲሆንለት ነው?

ልጁ ያለው ግን ሦስተኛውን ነው። ከጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቋል። ሃያ ሠራተኛ እንኳ የሌለው አንድ ጀማሪ ኩባንያ፣ እነሱ ስታርት አፕ የሚሉት፣ የመጀመሪያው የሴኩሪቲ ኢንጂነር አድርጎ ሊቀጥረው ጠርቶታል። አንድ ትልቅ ባንክም ሥራ ሰጥቶታል። አባት ባንኩን፣ ልጅ ስታርት አፑን ይላሉ። ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። እኛ ተቃዋሚዎች መከፋፈሉን ለምደነዋል፤ የቤት ውስጡ ግን ይከብዳል።

ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው? በትልቅ ድርጅት ውስጥ የሴኩሪቲ ሰው አንዲት በር ተሰጥቶት እሷን ይጠብቃል። በስታርት አፕ ውስጥ ግን ቤቱ ገና እየተሠራ ስለሆነ በሩንም፣ መስኮቱንም፣ ቁልፉንም የሚያበጀው እሱው ነው። ማን ምን ማየት እንደሚፈቀድለት ይወስናል፤ ባልደረቦቹ የጻፉትን ፕሮግራም እያነበበ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ደንበኞች የሚልኩትን መቶ ጥያቄ ይመልሳል፤ ሌሊት ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ይነሳል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ምርቱን ነገ ካላወጣሁ ብሎ የሚቸኩለውን አለቃ ‹‹ቆይ፣ አልተዘጋጀንም›› ማለቱ ነው።

አትላንታ ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም። ክሪስ ክላውስ የተባለ የጆርጂያ ቴክ ተማሪ የኮምፒውተር መረብን ቀዳዳ የሚፈትሽ ፕሮግራም ጽፎ፣ ትምህርቱን ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ኢንተርኔት ሴኩሪቲ ሲስተምስን መሠረተ። በ2006 አይቢኤም ኩባንያውን በ1.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሴኪውርወርክስም ፒንድሮፕም የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው።

ጉዳቱም በዚሁ ከተማ ታይቷል። ከተቀመጥንበት በእግር የሚደረሰው ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2018 ሳምሳም በተባለ አጋች ፕሮግራም ተመታ። ዘራፊዎቹ የጠየቁት ወደ 51 ሺህ ዶላር የሚሆን ቢትኮይን ነበር። ሕዝቡ የውሃ ሂሳቡንና የትራፊክ ቅጣቱን በኢንተርኔት መክፈል አቃተው፤ ፖሊሶች ሪፖርት በእጅ መጻፍ ጀመሩ፤ ኤርፖርቱ ለጥንቃቄ ዋይፋዩን አጠፋ። ከተማው ለጥገና ያወጣው ከተጠየቀው ገንዘብ እጅግ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የከተማው ኦዲተሮች ደግሞ ከጥቃቱ በፊት አስጠንቅቀው ነበር። ሰሚ ጠፋ እንጂ!

ጓዴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማኝና ‹‹ይሁን፤ ግን ለእኛ ምን ይጠቅመናል?›› አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ተቆጣሁ።

ወያኔ እኛን የሰለለን በምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ፣ ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ፕሮግራም የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ ሲሰራጭ እንደነበር አጋለጠ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በቤልጂየምና በቨርጂኒያ ያሉ የኢሳት ባልደረቦች ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ መሣሪያ ተጠቁ። በ2015 ኩባንያው ራሱ ተዘርፎ ሰነዱ አደባባይ ሲወጣ፣ ኢንሳ ደንበኛው እንደነበር ታየ። በ2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ መሣሪያ በውጭ አገር ባሉ ተቃዋሚዎች ላይ መዋሉ ተረጋገጠ። ሜሪላንድ የሚኖር፣ ‹‹ኪዳኔ›› በሚል የብዕር ስም የከሰሰ አሜሪካዊ ወገናችን ኮምፒውተሩ ለወራት ሲሰለል ኖሯል። በማርች 2017 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም በማለት ክሱን ሳይሰማ ዘጋው።

ፍርድ ቤት ካልደረሰልን ማን ደረሰልን? ፕሮግራሙን ፈትተው፣ ‹‹ይኸው ከዚህ መጣ›› ያሉን የካናዳ ተመራማሪዎች ናቸው። በሺህ የሚቆጠር ኮምፒውተር የተማረ ልጅ ያለን ሰዎች፣ ቤታችን መሰበሩን የሰማነው ከጎረቤት ነው።

ደግሞም ራሳችንን አንሸንግል። እኛ የፓልቶክ ትውልድ ነን። ከማን እንደመጣ የማናውቀውን ኢሜይል ‹‹አስቸኳይ! ለሁሉም ይድረስ›› እያልን ስናዳርስ ኖረናል። እኔ በነበርኩበት የድጋፍ ኮሚቴ የኢሜይላችንን የይለፍ ቃል ሰባት ሰው ያውቀው ነበር፤ ከሰባቱ ሁለቱ ኋላ የት እንደገቡ አላውቅም።

ሙያው በራሱ ጽድቅ ነው ማለቴ አይደለም። ያንን መሣሪያ በሚላኖ የሠሩት፣ አዲስ አበባ ላይ ሆነው የተጠቀሙበትም ትምህርት የዘለቃቸው ወጣቶች ናቸው። ዞን ዘጠኞች እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከሰሱ ደግሞ ራስን በኢንተርኔት ላይ የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው እንደ ወንጀል ተቆጥሮ ክሱ ላይ ሰፍሯል። ቁልፍ መሥራት የሚያስከስስበት አገር ነው የመጣንበት።

የጓዴ ሥጋት ግን ከንቱ አልነበረም። ስታርት አፕ ይከስራል። አክሲዮን እንሰጥሃለን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በአራት ዓመት የሚጠቃለል ነው፤ ከዓመት በፊት የወጣ ባዶ እጁን ይወጣል፤ ኩባንያው ካልተሸጠ ወይም ገበያ ካልወጣ ደግሞ ወረቀት ነው። ስለዚህ ልጁ ሦስት ነገር እንዲጠይቃቸው መከርኩ፤ በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ለስንት ወር ይበቃል? የጤና መድን ከመቼ ይጀምራል? እኔ ‹‹አይሆንም›› ስል የሚሰማኝ ማን ነው? ለሦስተኛው የሚያወላውሉ ከሆነ ወደ ባንኩ ይሂድ።

በሳምንቱ ጓዴ ደወለ። ልጁ ጠይቆ፣ መልሱ አጥግቦት ፈርሟል። አባትየው አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠለትም፤ ዘመድ ሲጠይቀው ‹‹ኮምፒውተር ነገር ነው›› ይላል፣ ሴኩሪቲ የምትለዋን ቃል አያነሳትም። ልጁ ሥራ ሳይጀምር መጀመሪያ ያደረገው የአባቱን ኢሜይል መፈተሽ ነበር። የይለፍ ቃሉን ለመገመት ሦስት ሙከራ በቅቶታል፤ ‹‹ቅንጅት97››። ከምርጫው ጀምሮ አልተቀየረም።